ወደ ኋላ የዞረው ወፍጮ

ቁጡ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። እናቴ ስትቀልድ "አንችን ያማጥሁ ለት በርበሬ ስቀነጥስ ነበር የዋልሁት፤ ከዚያ ነው የመጣብሽ" ትላለች። ስለዚህ ይህን ሳወራ እንደ ዳኛ ረጋ ብዬ አወራለሁ ብሎ የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ። ነገሩ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው። ከደብረ ኤልያስ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገበያው ሜዳ ዳር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ግድግዳው ጭቃ የሆነ አንድ ክፍል። ወፍጮውን የሰፈሩ ሰዎች በማህበር አዋጥተው ነው የገዙት። እኔ ደብረ ማርቆስ ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመት በየሕንፃው ሽቦ ስጎትት ቆይቼ፣ አባቴ ሲሞት ወደ እናቴ ተመለስኩ። የቀድሞው ፈጪ ባጃጅ ሊነዳ ደምበጫ ሲሄድ ማህበሩ ሌላ ሰው አጣና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈጨው እህል የሌለው ሰው ሳይቀር ይመጣ ነበር፤ ሴት ሞተር ስታስነሳ ለማየት። "ኤሌክትሪኩ ይይዛታል" ይላል አንዱ፤ "ዛሬ ካልያዛት ነገ ይይዛታል" ይላል ሌላው። አልያዘኝም።

ወፍጮ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ቀላል ነገር ነው። ሞተሩ ይዞራል። ቺንጋ የምንለው የላስቲክ ቀበቶ ዙሩን ወደ ድንጋዩ ያደርሳል። ድንጋዮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይዞራል፣ እህሉ መሐላቸው ይገባል። ብልሃቱ ያለው ድንጋዩ ላይ በተወቀሩት ቦዮች ነው። ቦዮቹ ዘመም ተደርገው ስለሚወቀሩ፣ ድንጋዩ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲዞር ዱቄቱን ከመሐል ወደ ዳር እየገፉ ያወጡታል። በተቃራኒው ከዞረ ግን ያው ቦይ ዱቄቱን መልሶ ወደ መሐል ይስበዋል። ዱቄቱ ይታፈናል፣ ይግላል፣ የማረር ሽታ ይመጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ድንጋዩን ዘንጉ ላይ የያዘው ትልቁ ዳዶ ነው። ወፍጮው በወጉ ሲዞር እየጠበቀ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ይላላል። ዳዶው ከላላ ያ ሁሉ ድንጋይ ልቅ ነው ማለት ነው።

በእኛ አገር በዓል የሻረ ሰው ኃጢአቱ የራሱ ብቻ አይደለም። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን ያረሰ ወይም የፈጨ ሰው በረዶ ይጠራል ይባላል፤ በረዶ ደግሞ የበደለኛውን ማሳ ከጎረቤቱ ማሳ አይለይም። ስለዚህ ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ይሆናል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይፈረዳል። በዚህ አልቀልድም፤ እኔም በዓሉን አከብራለሁ፣ ወፍጮውንም ሁልጊዜ እዘጋ ነበር። ከአንድ ቀን በስተቀር።

የዚያን ዓመት ነሐሴ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የመብራት ምሰሶዎቹን ጣለብን። ሳምንታት ጨለማ ውስጥ ሰነበትን። ሴቶቹ እህላቸውን በአህያ ጭነው ከተማ ድረስ ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱ ዝናብ ያገኛቸውና ዱቄቱ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ይቦካል። በመጨረሻ፣ የመስከረም ሚካኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ መስመር ጠጋኞች መጡ። ምሰሶ አቆሙ፣ ሽቦ ቀጠሉ፣ ተጣድፈው ሄዱ። መብራቱ የተለቀቀው ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ የጎረቤቶቼ በር ላይ አምፖል በጠራራ ፀሐይ በርቶ አየሁ።

ቤቴ በር ላይ አንድ ሰው ቁና ገብስ ይዞ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቤቱ ውስጥ ለገንፎ የሚሆን አንድ ጭብጥ ዱቄት የለም፤ የተዋሱትም አልቋል።

"ቀኑን አጥቼው አይደለም" አለኝ። "ግን ምን ላብላት?"

አላሰብኩም። ቁልፉን አንስቼ ተከተልኩት። ሚካኤል አራስ እንድትራብ ይፈልጋል ብሎ ያስተማረኝ ካህን የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ጥፋት አለብኝና። ማርቆስ ስማር አስተማሪያችን አንድ ነገር አሥር ጊዜ ደጋግሞ ነግሮናል። መስመር ከተነካካ በኋላ ሞተር ላይ ሥራ እንዳትጭኑ። መጀመሪያ ቺንጋውን አውልቁ፣ ሞተሩን ለቅጽበት ብቻ አስነሡ፣ በየት በኩል እንደሚዞር በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ቺንጋውን መልሱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን አራሷ አሳዘነችኝ፣ የበዓሉ ነገር ደግሞ አስቸኮለኝ፤ ሰው ሳያየኝ ቶሎ ፈጭቼ ልዝጋ ብዬ ገብሱን አፈሰስኩና ማብሪያውን ተጫንኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ድምፁ ከመጀመሪያው ልክ አልነበረም። የሚያጉረመርመው ወፍጮ ታፈነ፤ ቀጥሎ የማረር ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ድንጋዩ ከሽፋኑ ብረት ጋር እየተላተመ ገበያው ሜዳ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ለቀቀ። ዘልዬ አጠፋሁት። ሰውየው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያማትባል። ሽፋኑ ሲከፈት ዳዶው ላልቶ፣ የሚዞረው ድንጋይ አንድ ጥጉ ተሸርፏል። ከገብሱ የወጣው እፍኝ የማይሞላ ክክ ነው። የቀረውን እናቴ ቤት ወሰድን፤ እናቴ በሯን ዘግታ በእጅ ፈጨችው። አዎ፣ በሚካኤል ቀን፣ በእጇ። እሷን ማንም አልጠየቃትም።

ጩኸቱን ግን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ያ ባይበቃ፣ በሁለተኛው ቀን በረዶ ጣለ። የእውነት በረዶ፤ አጃው ተኛ፣ ጤፉ ተመታ። ከሁሉ የባሰ የተጎዳው የማህበራችን ሊቀመንበር ነው፤ ማሳው ሁሉ ተደፍቶ ነበር፤ ሄዶ ሲያየው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ አሉኝ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሐዘንተኛ ነበር። ሐዘንተኛ ደግሞ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል።

እኔ በዚያ መሐል ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ። ቺንጋውን አውልቄ ሞተሩን ለቅጽበት አስነሣሁት፤ ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር ወደ ቀኝ መዞር ሲገባው ወደ ግራ ዞረ። የሦስት ሳምንት ዝናብና የአንድ ከሰዓት ችኮላ ነገር ነው። ወደ ወፍጮ የሚገቡት ሽቦዎች ሦስት ናቸው፤ ጠጋኞቹ ምሰሶው ላይ ሲቀጥሉ ሁለቱን አቀያይረዋቸዋል። በቃ። ሌላ ባለ ሦስት ሽቦ ሞተር በሰፈሩ ስለሌለ ከእኔ በቀር ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። ድንጋዩን እንደገና ወቀርኩ፣ የተሸረፈውን አስተካከልኩ፣ ዳዶውን አጠበቅኩ። ሽቦዎቹን ግን ሆን ብዬ እንዳሉ ተውኳቸው፤ ሰው ሁሉ በሌለበት አልነካቸውም ብዬ ማልኩ።

ሊቀመንበሩ የላከብኝ መልእክት አጭር ነበር። ሰኞ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በሰዉ ፊት "በድያለሁ" ካልኩ ወፍጮው በእጄ ይቆያል፤ ካላልኩ ቁልፉን አስረክባለሁ።

እናቴ ቀሚሴን ይዛ ለመነችኝ። "አንዲት ቃል ናት ልጄ። በያትና እንደር። አፍሽ አይቆረስ!"

"አንችስ ፈጭተሽ የለም ወይ? ነይና አብረን እንበላ።"

"እኔንማ ማን ሰማኝ" አለችና ሳቋን ዋጠችው፤ ወዲያው ግን ዕንባዋ መጣ። እውነቷን ነው፤ ከዚያ ወፍጮ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። እኔም ፈርቼ ነበር። ቁልፉን ካስረከብኩ እንደገና ማርቆስ ሄጄ የሰው ሕንፃ ላይ ልንጠለጠል ነው፣ እሷን ብቻዋን ትቼ። ሽማግሌ የፈረደባት ልጅ እናት ደግሞ በሰንበቴው ማን አጠገቧ ይቀመጣል?

በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ነገር የለመንኩት የኔታን ነው። የኔታ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት እርሳቸው ናቸው። ሸንጎው ቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ሳይሆን ወፍጮው ቤት ደጃፍ ይሁንልኝ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉ። "የተበላሸው ነገር ያለበት እንሄዳለን።"

ሰኞ ተራ ቀን ነበር፣ መሥራት የሚቻልበት። ሽማግሌዎቹ በጆንያና በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹም እህላቸውን ተሸክመው መጥተው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ ፍርዱ በምንም በኩል ቢወድቅ ዱቄት ያስፈልጋላ። ገብሱን ያመጣው ሰውዬም ከኋላ አለ። ዓይኑን ፈለግሁት፤ መሬት መሬት ያያል።

ሽቦ ተቀያይሮ ነው ስል ሊቀመንበሩ የሚያስቅ የሚመስል፣ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። "መብራቱ የተበላሸ ከሆነ የኔ አምፖል ስለ ምን በራ? የቄሱ ሬዲዮ ስለ ምን ተናገረ? ያንች ወፍጮ ብቻ ነው ወይ ተለይቶ የሚጮህ?"

"አምፖል አይዞርም ጋሼ" አልኩት። "አምፖል ከሦስቱ አንዱ ሽቦ ይበቃዋል፤ የትኛውም ቢመጣለት ያው ይበራል። ግራና ቀኝ የሚያውቀው የሚዞር ነገር ነው።"

ፊቱን ሳየው አልገባውም። ሌሎቹም አልገባቸውም። ያኔ ሦስት ሽማግሌዎች አስነሣሁና እንደ አውድማ ክብ ሠርተው፣ ተራርቀው እንዲቆሙ ለመንኳቸው። እኔ መሐል ገባሁ።

"እኔ በሬው ነኝ፤ ሞተሩ ማለት ነው" አልኩ። "እናንተ ሦስቱ ሽቦዎች ናችሁ። በተራ ጥሩኝ። መጀመሪያ እርስዎ፣ ቀጥሎ እርስዎ፣ ቀጥሎ እርስዎ። የጠራኝ ዘንድ እሄዳለሁ።"

አንደኛው "ና!" አሉ፤ ሄድኩ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እንደገና አንደኛው። እየፈጠኑ ሲጠሩኝ በቀኝ በኩል እየዞርኩ ሮጥኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቦታ አቀያየርኳቸው። "ተራችሁን አትለውጡ፤ መጀመሪያ ማን፣ ቀጥሎ ማን እንደነበረ እንደዚያው ጥሩኝ።" ጠሩኝ። እኔም በግራ በኩል ዞርኩ። ሰዎቹ ያው፣ ጥሪው ያው፣ በሬው ግን ወደ ኋላ። ከሦስቱ አንዱ፣ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት፣ "ወይ ጉድ!" ብለው ቦታቸውን ትተው ራሳቸው ሊዞሩ ቃጣቸው።

ከዚያ ገባሁና ዋናውን መስመር አጠፋሁ፣ ሽቦው እንደሞተ በቴስተር አረጋገጥኩ፣ በካቻቢት ሁለቱን ፈትቼ አቀያየርኳቸው። ቺንጋው ወልቋል። ማብሪያውን ስጫን መዘውሩ ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደ ድሮው ዞረ።

እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። እኔም ሞኝ፣ ለእኔ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

"ሚካኤል ታረቃት!" አለች አንዷ። "ታረቃት! ታረቃት!" ተቀባበሉት። ሊቀመንበሩም ፊቱ ፈካ፤ "በይ እንግዲህ፣ እሱም ይቅር ብሎሻል። በድያለሁ በይና ይለቅልሽ" አለኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ቀጥ ብዬ ተመለስኩ። ዋናውን አጠፋሁ፣ ያንኑ ሁለት ሽቦ መልሼ አዛነቅሁት፣ አስነሣሁ። መዘውሩ ወደ ግራ። "ይኸው ተቆጣ!" አልኩ ከውስጥ እየጮህኩ። እንደገና አጠፋሁ፣ እንደገና ቀየርኩ። ወደ ቀኝ። "ይኸው ታረቀ! እንደገና ላስቆጣው ወይ? ሚካኤልን በካቻቢት የማስቆጣትና የማስታረቅ ሥልጣን ለእኔ ማን ሰጠኝ?"

ሞተሩን አጠፋሁት። ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ "አፍሽን ያዥ!" አለኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

የኔታ ናቸው የተናገሩት፤ እሳቸውም ድምፃቸውን አላነሱም። "ልጄ፣ ሽቦውን የቀጠሉት ሰዎች በየትኛው ቀን ነው የቀጠሉት?"

"በዋዜማው የኔታ። ከሰዓት በኋላ።"

"በዋዜማው ማን በድሎ ነበር?" ብለው ሽማግሌዎቹን ዞረው አዩ። "ወፍጮው የተገለበጠው በዓሉ ሳይገባ ነው። ቅጣት ከበደል አይቀድምም።"

አበቃ ብዬ ትንፋሼን ልለቅ ስል ግን ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱና፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "ቢሆንም ለሰላም ስትይ በይው። ሰዉ ጤፉ ተመትቶበታል፤ ልቡ ይረፍ" አሉኝ።

እርሳቸው ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። የተረዱት አንድ ሰው እርሳቸው ነበሩ። ቢሆንም ተናገርኩ።

"የኔታ፣ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ቺንጋ ሳላወልቅ፣ አቅጣጫ ሳላይ አስነሥቻለሁ። የማህበሩን ድንጋይ ሸርፌያለሁ፤ በእጄ ወቅሬ አስተካክያለሁ። ለዚህ ይቅርታ። ጋሼ፣ ለጤፍዎም ከልቤ አዝኛለሁ፤ በረዶ እንዴት እንደሚሠራ አልተማርኩም፣ ስለ እሱ አልናገርም። ግን ለአራስ ገብስ ስለፈጨሁ በድያለሁ አልልም። ዛሬ ካልኩ፣ ነገ ፊውዝ ሲቃጠል ምን ሠርተሽ ነው ትሉኛላችሁ። ከነገ ወዲያ ቺንጋ ሲበጠስ ከማን ጋር አድረሽ ነው ትሉኛላችሁ። ሽቦውን ያገለባበጠውን ሰው ግን ማንም ሄዶ አይጠይቀውም። አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን ነው የምትመቱት። እኔ ዳውላ አይደለሁም።"

"እንግዲያስ ቁልፉን" አለ ሊቀመንበሩ።

ከአንገቴ አውልቄ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ጆንያ ላይ አኖርኩት። ሊቀመንበሩ አነሣው። ወደ ውስጥም ገባ። ማብሪያው ፊት ቆመ። ከበሩ ላይ ሁላችንም ጀርባውን እናያለን። እጁን ዘረጋ፣ መለሰው፤ ዞር ብሎ ቺንጋውን አየ፣ ሦስቱን ሽቦዎች አየ፣ እንደገና ማብሪያውን አየ። ከሽማግሌዎቹ ወደ አንዱ "ና እስቲ" አለው። የተጠራው ሽማግሌ ወደ ሌላው ዞረ፤ ሌላውም ከዘራውን መመርመር ጀመረ።

የሊቀመንበሩ ሚስት ናት የተናገረችው። አንድ ጆንያ ጤፍ አጠገቧ አለ፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ጾሟን ቆማለች።

"ኧረ አንተ ሰውዬ! ወይ አንተ ፍጭልኝ ወይ ልጅቱን ተዋት! በቤታችን ዱቄት ካለቀ ስንት ቀኑ?"

ሊቀመንበሩ ወጣ። ቁልፉን እዚያው ጆንያ ላይ መልሶ አስቀመጠውና ማንንም ሳያይ በገበያው ሜዳ አቋርጦ ሄደ። ሽማግሌዎቹም አንድ ባንድ ተነሡ። ማንም "ተፈትተሻል" አላለኝ፣ ማንም "ተፈርዶብሻል" አላለኝ። ገብሱን ያመጣው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ጠፍቷል። የኔታ ሲያልፉ ቆም ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቁልፉን አንስቼ አንገቴ ላይ አጠለቅኩ። ቺንጋውን መለስኩ። ከዚያ በር ላይ ወጥቼ፣ የሚሄዱትም የቀሩትም እንዲሰሙ አድርጌ፣ "አራስ ቤት ዱቄት ካለቀ በሚካኤልም ይሁን በማርያም እከፍታለሁ፤ ከአሁኑ ስሙት!" አልኩ።

የሄዱት ዞር አላሉም። የሊቀመንበሩ ሚስት ግን ጆንያዋን እየጎተተች ገብታ፣ "መጀመሪያ የኔን" አለችኝ።